ፈንገስ ቋቁቻ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሕፃናት የሳንባ ምች የጻፋችሁትን አነበብኩ። ባክቴሪያው አለ፣ ቫይረሱ አለ፣ ቲቢም አለ። ስለ ፈንገስ ግን አንድ ቃል የለም። እዚህ ጅማ የልጆች ክፍል ነርስ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ዝም ማለት አቃተኝ።

ፈንገስ ሲባል ሰው የሚታየው ቋቁቻ ነው። የጅማን ክረምት የምታውቁ ግን ታውቁታላችሁ፤ እንጀራው ሳይበላ ይሻግታል፣ ግድግዳው ይጠቁራል። ሻጋታም ፈንገስ ነው፤ አስፐርጂለስ የሚባለውን ሻጋታ ሁላችንም ከአየር ጋር ወደ ሳንባችን እንስበዋለን። ጤነኛ ልጅ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሆንም፤ እናቶች እንዳትደነግጡ። የሚያሰጋው የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ልጅ ነው፤ ለካንሰር ኬሞ የሚወስደው፣ ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደው፣ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ልጅ ነው።

ለደም ካንሰር ኬሞ የምትወስድ አንዲት ልጅ አትረሳኝም። ትኩሳቷ አልወርድ አለ። አንቲባዮቲኩ ተቀየረ፣ ደግሞ ተቀየረ። የነጭ ደም ሴሉ በወረደ ልጅ ላይ ትኩሳቱ 96 ሰዓት ካለፈ ፈንገስ መጠርጠር አለበት። እኛ ያሰብነው በሁለተኛው ሳምንት ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ምርመራው ቀላል ነው አልልም። ትንሽ ልጅ አክታ አይተፋም፣ ይውጠዋል። ራጅ ብቻውን አይለየውም፤ ሲቲ ስካን ይሻላል፣ እሱም የልጅ ሲሆን እንደ አዋቂው ግልጽ ምልክት ላያሳይ ይችላል። የደም ምርመራ አለ፤ ካልሆነም ልጁ ተኝቶ በቱቦ ሳንባው ታጥቦ ናሙና ይወሰዳል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ፦ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ ምርመራ «ቲቢ የለም» ማለት «ፈንገስ የለም» ማለት አይደለም። ያ ምርመራ የሚፈልገው ቲቢን እንጂ ፈንገስን አይደለም።

መድኃኒቱም የአዋቂውን ቆርሶ መስጠት አይደለም። ቮሪኮናዞል የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት የልጅ ሰውነት ቶሎ ስለሚያስወግደው በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂው የበለጠ ይፈልጋል። አምፎተሪሲን የሚባለው ሌላው ደግሞ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ ደም እየተመረመረ ነው የሚሰጠው።

ይህ ሁሉ ውድ ነው። ርካሹን ግን እናቶች ከእጃቸው ሲጥሉት አይቻለሁ፦ ባክትሪም የሚባለውን መከላከያ መድኃኒት። ኒሞሲስቲስ የሚባለው ሌላ የሳንባ ፈንገስ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውን ሕፃናት በብዛት የሚይዘው ከ3 እስከ 6 ወራቸው ነው። ልጁ በጣም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ደረቱ ሲደመጥ ግን ብዙም ነገር ላይሰማ ይችላል። ለዚህ ነው ቫይረሱ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ከ4 እስከ 6 ሳምንቱ ባክትሪም የሚጀምረው። እናት ግን ልጇ ወፈር ሲል «ድኗል» ብላ ታቆመዋለች። ጡት ማጥባቱ አብቅቶ ልጁ ነፃ መሆኑ በምርመራ እስኪረጋገጥ አይቆምም። ይህችን እንኳ በሚቀጥለው እትማችሁ አውጡልኝ።

ጡረተኛ ነርስ፣ ከጅማ