ስለ ፍተሻ ክፍያው ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ካለፈው ወር ጀምሮ የመኪና ኤሌክትሪክ ብልሽት ስንፈልግ ለምናጠፋው ሰዓት ክፍያ መጠየቅ ጀምረናል። ብዙዎቻችሁ ቅር ተሰኝታችኋል። ገሚሶቻችሁ በስልክ፣ ገሚሶቻችሁ ፊት ለፊት ነግራችሁኛል። ምንም ሳትሉ የቀራችሁም አላችሁ፤ እናንተ ደግሞ ይበልጥ ታሳስቡኛላችሁ። ቀደም ብለን ሳንነግራችሁ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፈን መጀመራችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ክፍያውን ግን አላነሳሁትም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ቅሬታው የተጋጋለው በአንዲት ብሎን ምክንያት ነው። አንድ የቆዩ ደንበኛችን ፍሬን ሲረግጡ የኋላ መብራታቸው ይደበዝዛል፤ ፍሬቻ ሲያበሩ ደግሞ ሌሎቹ መብራቶች አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሌላ ቦታ አምፖሉን ሁለት ጊዜ አስቀይረው መፍትሔ አላገኙም። እኛ ጋ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈለግን። በመጨረሻ ከፖርቶ ባጋሊዮው (ከኋላው የዕቃ መጫኛ) ምንጣፍ ሥር ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ሽቦ፣ የታሰረባት ብሎን ዝጋ ላልታ አገኘናት። በብርጭቆ ወረቀት አጸዳናት፣ አጠበቅናት፣ ግሪስ ቀባናት፣ አለቀ። «ለአንድ ብሎን ማጥበቂያ ይሄን ሁሉ?» አሉኝ። ንግግራቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ያ ሁለት ሰዓት ተኩል የት እንደገባ ልንገራችሁ። በብዙ መኪና የኋላ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ፤ ለማታ የሚበራው 5 ዋት፣ ለፍሬን የሚበራው 21 ዋት። ሁለቱም የሚመለሱት በአንድ ማሳ ነው። ማሳው ሲበላሽ የፍሬኑ ኤሌክትሪክ መመለሻ ያጣና በሌላኛው ክር በኩል ዞሮ የማይመለከተውን መብራት ያበራል። ስለዚህ ምልክቱ ግራ መብራት ላይ ታይቶ በሽታው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። የቮልት መለኪያው ቴስተርም ያሳስታል። አምፖሉን ነቅለን ሶኬቱን ስንለካ 12 ቮልት ሙሉውን ያሳያል፤ ጭነት የለበትማ። አምፖሉ ተሰክቶ፣ ፍሬን ተረግጦ፣ ከመብራቱ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ሲለካ ነው ጉዱ የሚወጣው። ደህና ከሆነ ከ0.2 ቮልት ባይበልጥ ነው። እዚያ መኪና ላይ 4 ቮልት አነበብን። ከዚያ ወንበር መፍታት፣ ምንጣፍ መግለጥ፣ ሽቦውን በእጅ እየዳበሱ መከተል ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። የፖርቶ ባጋሊዮው ክዳን በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ማጠፊያው ጋ ያለው ሽቦ ይታጠፋል። ከዓመታት በኋላ ውስጡ ያለው መዳብ ይበጠሳል፣ የላዩ ፕላስቲክ ግን ምንም አይሆንም። ብታዩት አዲስ ይመስላል። ጎተት ሲያደርጉት እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ውስጡ ባዶ ነው ማለት ነው። ይህን ያስተማሩኝ ሙያውን የለመድኩባቸው አዛውንት ናቸው። ከአምፖልና ከሁለት ሽቦ በእጃቸው የሠሩልኝ መፈተሻ መብራት እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ በየሳምንቱ እጠቀምበታለሁ። ሥራ ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው፤ ያላገኘሁትን ብልሽት አገኘሁት ብዬ ለማንም ቁልፍ መልሼ አላውቅም።

እስካለፈው ወር ድረስ ፍለጋው ነጻ ይመስል ነበር፤ ነጻ ግን አልነበረም። በአምፖሉ፣ በሪሌው፣ በሶኬቱ ዋጋ ላይ ጨምረን እንመልሰው ነበር። ዕቃ የገዛ ሰው ብሎን ላስጠበቀው ሰው ይከፍል ነበር ማለት ነው። አሁን ብዙዎቻችሁ ዕቃውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ትመጣላችሁ፤ መብታችሁ ነው፣ አልከፋበትም። ነገር ግን የሽቦው፣ የሶኬቱ፣ የቤት ኪራዩ ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል፤ የመመርመሪያ ኮምፒውተሩ ሶፍትዌርም በየዓመቱ ይታደሳል። ሁለት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። አንዱ ተለማማጅ ሆኖ የገባው ገና ልጅ ሳለ ነው፤ ዛሬ ሾርት (የተነካካ ሽቦ) ፍለጋ ከእኔ ይፈጥናል። ደመወዙን ከአምፖል ትርፍ መክፈል አልቻልኩም።

ፊውዝ ከፍ አድርገን ስላልቀየርንላችሁም የተቆጣችሁ አላችሁ። 10 አምፔር የሆነችው ቀይ ፊውዝ ደጋግማ ስትቃጠል 30 አምፔር የሆነችውን አረንጓዴ ብንሰካ መብራቱ ይበራል፤ በሚቀጥለው የሚቃጠለው ግን ሽቦው ነው። ይህን አናደርግም፤ ደንበኛ ብናጣም አናደርግም።

ከዛሬ ጀምሮ የምንለውጠው ይህ ነው፦ ፍተሻ ከመጀመራችን በፊት ሒሳቡን እንነግራችኋለን፤ አንድ ሰዓት ሲሞላ ሥራ አቁመን እንደውላለን፤ ቀጥሉ ካላላችሁን አንቀጥልም። ጥገናውን እኛው ጋ ካሠራችሁ የመጀመሪያው ሰዓት ከሒሳቡ ይቀነሳል። ያለ ክፍያ ልታዩት የምትችሉትንም እነግራችኋለሁ። ሦስቱም የፍሬን መብራቶች አንድ ላይ ከጠፉ አምፖሉን አትግዙ፤ መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ያለችውን ማብሪያ እዩ። አንዱ ብቻ ከጠፋ አምፖሉን ከደህናው ጋር አቀያይሩት። አምፖል ቶሎ ቶሎ የሚቃጠልባችሁ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን አስለኩ፤ ከ15 ቮልት ካለፈ ችግሩ ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ ነው። የኤል ኢ ዲ አምፖል ካስገባችሁ በኋላ ፍሬቻው መፍጠን ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ሽቦው አልተበላሸም፤ አዲሱ አምፖል የሚስበው ኤሌክትሪክ ስላነሰ መኪናው አምፖል የተቃጠለ መስሎት ነው። ለዚህ ለዚህ እኛ ጋ መምጣት አያስፈልጋችሁም፤ ደውሉልኝ፣ በስልክ እነግራችኋለሁ።

ከዚህ ያለፈ ከሆነ ግን እባካችሁ ኑ። ስትመጡ መቼ እንደጀመረ፣ ዝናብ ሲዘንብ ይብስ እንደሆነ፣ በቅርቡ ራዲዮ ወይም አላርም አስገጥማችሁ እንደሆነ ንገሩን፤ ያቺ አንድ ቃል ግማሽ ሰዓት ታተርፍላችኋለች።

የብሎኗ ባለቤት ሆይ፣ ይህን እንደሚያነቡ ተስፋ አደርጋለሁ። ቀደም ሲል ተቃጥሏል ተብሎ ከመኪናዎ የወጣውን አምፖል ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ አግኝተነው ነበር። ሰክተን አየነው፤ ሁለቱም ክሮች ደህና ናቸው። ስምዎን ጽፌበት አስቀምጬልዎታለሁ፤ ሲያልፉ ይውሰዱት።

አክባሪያችሁ፣
የጋራዡ ባለቤት