ስለ አዳራሹም፣ ስለ ደረትዎም

አሰላሙ ዓለይኩም አባባ፣

እንዴት ከረሙ? ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ትልቁ ስምንተኛ ክፍል ገባ፣ ትንሿ ፊደል ለየች። ስለ ደረትዎ ስጠይቅ ወሬ ስለሚቀይሩብኝ ዛሬ የሚወዱትን አነሳለሁ፤ የድሮውን የገበሬ ማኅበር አዳራሽ።

ቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራው ነው አሉ። እኔም አይፍረስ ባይ ነኝ። ግን «እኛ ነን የሠራነው» ብቻ አያዋጣዎትም፤ ወጣቶቹ የ1967ቱን የመሬት አዋጅ በወሬ ነው የሚያውቁት። ቢያንስ 20 ጋሻ፣ 800 ሄክታር ላይ ያለ ገበሬ በአንድ ማኅበር ይደራጅ ሲባል መሰብሰቢያ አስፈለገ። ክብ ቤት ቢሆን ምሰሶው መሀል ቆሞ ሰው አያስተያይም፤ ለዚህ ነው አራት ማዕዘን ሆኖ ምሰሶው በሁለት ረድፍ የቆመው። ይህን ይንገሯቸው።

ግድግዳውን የገደለው ኋላ የተለሰነው ሲሚንቶ ነው። ጭቃ እርጥበት ቢጠጣ ፀሐይ ሲወጣ ይተፋዋል፤ ሲሚንቶ መውጫውን ዘጋበት። ውሃው ወደ ቋሚው እግር ይወርድና እንጨቱ ከአፈሩ በሚገናኝበት ልክ ይበሰብሳል፤ ምስጡም በዚያው ይገባል። የየቋሚውን እግር በቢላዋ ይውጉት። አይ፣ ሌላ ሰው ይውጋው፤ እርስዎ አያጎንብሱ። ሁለት ጣት ያህል ከገባ የበሰበሰው ይቆረጥ። መጀመሪያ ግን ወራጁ ከሥር በድጋፍ ይያዝ፤ ያለዚያ ጣራው ይወርድባቸዋል። ደህናው እንጨት ላይ ሲደረስ ከሥሩ ጥርብ ድንጋይ ይግባ።

ሲሚንቶው ተፍቆ ይውረድ። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይቡካ። ከመመረጉ በፊት ጥቂት ድቡልቡል አድርገው ያድርቁት፤ ከተሰነጠቀ አሸዋና ጭድ ይጨመር። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብ። ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ በክረምት አይደርቅም።

በ77 የእርዳታ ጆንያ ተደግፎበት የጎበጠው ጎን ብዙ አያስፈራም። ቱምቢ፣ ማለት ክብደት የታሰረበት ክር፣ ጥለው ምልክት ያድርጉበት፤ ክረምቱን አልፎ ካልተነቃነቀ ይተውት። ጣራው የሚያፈሰው ምስማሩ ውሃ በሚወርድበት በቆርቆሮው ጎድጓዳ ስለተመታ ነው፤ በጉብታው ላይ ነበር መመታት ያለበት። አዲስ ሲገዛም 32 ጌጅ ረከሰ ተብሎ እንዳይወሰድ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል።

የወይራ ምሰሶዎቹን ግን ምስጥ ዛሬም አልደፈራቸውም። እማ ለማድ ቤቷ ያስቀመጠቻቸው ነበሩ። ለማኅበሩ ሲሰጧቸው አልጠየቋትም። እሷ በባህር ዛፍ አቆመች፣ ምስጥ በላው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር እየደገፈች ኖረች። አንድ ቀን ቃል አልወጣትም፤ እኔ ግን አዳራሹ ሲመሰገን ያ ማድ ቤት ነው የሚመጣብኝ። ለትምህርቴ በሬ መሸጥዎን አልረሳሁም፣ አላህ ይክፈልዎ። ይህኛውንም አልረሳሁም።

ጣራው ላይ ወጥተው ነበር የሚባለው እውነት ነው? በዚያ ደረት? 

ለደሴው ቀጠሮ የመኪናውን ልኬያለሁ፤ ታናሼ ይዞዎት ይወርዳል። የድሮውን ካርድና የሚውጡትን ኪኒን ከነካርቶኑ ይያዙ። ከሐኪሙ ሲወጡ ይደውሉልኝና የቆርቆሮውን ብዛት ይንገሩኝ፣ ከዚህ ገዝቼ እልካለሁ። ከዚያ በፊት ከደወሉ ስለ ቆርቆሮ አላወራም።

ልጅዎ