ከሮም ለአባባ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ የክረምቱን ብርድ እንዴት ቻለው? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ «ለዕረፍት የወጣ ሰው ጓዙን በጀርባው ይሸከማል እንዴ?» ብለው ሲስቁብኝ በቅጡ አላስረዳሁዎትም። እንዲህ የሚጓዝ ሰው ታክሲ አይጠራም፣ ሆቴልም አይከራይም። የምናድረው ተደራራቢ አልጋ በሞላበት የመንገደኞች ማደሪያ ነው። ክፍላችን የሴቶች ብቻ ነው፤ ቁልፍ ያለው ሣጥንም ስለሚሰጡን አይስጉ። ደግሞስ ከሰናይት ጋር አይደለሁም? ያቺ በራችን ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት ይቆጧት የነበረችው ልጅ ዛሬ የባቡር ሰዓት የማታሳልፍ፣ ሳንቲም የማታባክን ሴት ወጥቷታል። ካፌ ገብቼ ልቀመጥ ስል ክንዴን ይዛ ታስነሣኛለች፤ እዚህ አገር ቆመው የሚጠጡት ቡና ተቀምጠው ከሚጠጡት ይረክሳል። ማኪያቷቸው እንደሆነ በሁለት ፉት ያልቃል፤ የእኛው ይሻላል።

ፍልሰታን እንዴት ልትጾሙ ነው ብለው ነበር። ማሪናራ የሚባለው ፒዛ አይብ አይነካውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ የሚባል ቅጠልና የወይራ ዘይት ብቻ ነው። ጾሙ እስኪፈታ ሳንሰለቸው አንቀርም።

ቬኒስን አጠገቧ ባለችው ሜስትሬ እያደርን በባቡር እየተመላለስን አየናት። ውብ ናት፣ ግን ሰው በሰው ላይ ነው። ፍሎረንስ ላይ ብሩኔሌስኪ የሠራው የካቴድራሉ ጉልላት 463 ደረጃ አለው። የሚወጣው በውስጠኛውና በውጭኛው ግድግዳ መካከል በተተወ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ወፈር ያለ ሰው ከላይ ሲወርድ ግድግዳው ላይ ተለጥፈን እናሳልፈው ነበር።

የሮምን ግን ዘርዘር ላድርግልዎ። ከባቡር ጣቢያው እንደወጡ ያለው ሰፊ ስፍራ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። እንግዲህ በባቡር ሮም የሚገባን እንግዳ መጀመሪያ የሚቀበለው የራስ አሉላ ሥራ ነው ማለት ነው! ይህንን ለሰናይት ስነግራት ቦርሳዋን አውርዳ ፎቶ አንሺኝ አለች።

ከዚያ እርስዎ «ሮም ከደረስሽ እንዳትቀሪ» ወዳሉኝ ወደ ፖርታ ካፔና ሄድን። ሙሶሊኒ ከአክሱም አስጭኖ በ1930 ዓ.ም. ያስተከለው 24 ሜትሩ ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር። በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገብቶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ስለቆመ፣ አሁን እዚያ ያለው የመኪና ግርግር ነው። በዚህ ጉዞ የሚታይ ነገር በማጣቴ ደስ ያለኝ እዚህ ብቻ ነው። አንድ የጎብኚዎች ቡድን ቀና ሳይል አለፈን፤ እኛ ግን የሌለውን ሐውልት አንጋጠን ስናይ ቆየን።

ከዚያ የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን እስካለቀበት እስከ ቆስጠንጢኖስ የድል በር በእግር አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። አበበ ቢቂላ ተፎካካሪውን ሞሮኳዊውን ራዲን ትቶት የሄደው ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ነው ይባላል። ያንን መንገድ ዝም ብለን በዝግታ ሄድነው። የድል በሩ ጋ ስንደርስ ሰናይት ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። የነሐሴ ፀሐይ ያጋለው ጥቁር ድንጋይ ነውና ጥቂት እንደተራመደች «አቃጠለኝ!» እያለች ወደ ጥላው ዘለለች፤ የማናውቃቸው ሽማግሌ ሳቁባት። አበበ የገባው በምሽት ነው፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩለት ነበር። ቢሆንም ያንን ድንጋይ በባዶ እግር፣ ያውም ለ42 ኪሎ ሜትር ጉዞ መጨረሻ! 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲሉን ቁጥሩን ብቻ ነበር የያዝኩት። ኮሎሲየም እዚያው አጠገባችን ነበር፤ እውነት ለመናገር ያየሁት ለደንቡ ያህል ነው።

ነገ በጠዋት ወደ ናፖሊ እንሳፈራለን። የጉልበትዎን ቅባት መስከረም ላይ በሚመጣ ሰው እልካለሁ፤ እስከዚያ ያለውን አይቆጥቡ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ውድድሩ የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። የአበበን ድል ስንቴ አጫውተውናል፤ እርስዎ ግን ያን ጊዜ የት እንደነበሩ፣ ወሬውን ከማን እንደሰሙ ነግረውን አያውቁም። በማን ቤት ሬዲዮ ነው የሰሙት? ናፖሊ ስደርስ እደውላለሁና አስታውሰው ይጠብቁኝ።

አክባሪ ልጅዎ