ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ሁለቱ ፖምፓዎች ይለኩ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣

በሰሜን ሸዋ ሌላ ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) የተገጠመላቸው አሮጌ ላንድሮቨሮች፣ ፍሪሲዮናቸው (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያለያየው ክፍል) ከሽቦ ወደ ዘይት የተቀየረ ቮልሶች ዛሬም ይሠራሉ። ማርሻቸው እየጮኸ አልገባ ሲል ግን መጀመሪያ የሚፈረድበት ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) ነው። ካምቢዮ ይወርዳል፣ አዲስ ሸራ ይገባል፣ ጩኸቱ እንዳለ ይቀራል። ባለመኪናው ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይከፍል ፔዳሉ ከሚገፋው ከላይኛው ፖምፓና ፍሪሲዮኑን ከሚያስለቅቀው ከታችኛው ፖምፓ መመጣጠን እንጀምር እንላለን።

ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ በቀላሉ ከገባ፣ ሲነሳ ግን በተለይ የኋላ ማርሽ ከጮኸ፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጥ፣ ሌላው ከሥር ሆኖ የታችኛው ፖምፓ ዘንግ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሄደ ይለካ።

የፖምፓው ልክ ብዙ ጊዜ አካሉ ላይ በኢንች ተጽፏል። የሚነጻጸረው የቀዳዳው ዲያሜትር በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ ትንሽ የምትመስል ልዩነት ብዙ ታጎድላለች። ላይኛው 5/8፣ ታችኛው 7/8 ከሆነ ላይኛው 30 ሚ.ሜ ሲገፋ ታችኛው 15 ብቻ ይሄዳል። በመካከል ያለው ሹካ ያንን በግማሽ ከቀነሰው ፍሪሲዮኑን ገፍቶ የሚያስለቅቀው ኩሽኔታ ጋ የሚደርሰው 7 ሚ.ሜ ተኩል ነው፤ 9 ሚ.ሜ ለሚፈልግ ፍሪሲዮን አይበቃም። ታችኛውን በ3/4 መተካት ጉዞውን ወደ 21 ሚ.ሜ ያደርሰዋል፤ ፔዳሉ ግን ትንሽ ይከብዳል። በተቃራኒው ላይኛው 3/4፣ ታችኛው 5/8 ሲሆን 30ው 43 ይሆናል። ያኔ ፒስተኑ ከቤቱ ወጥቶ ዘይቱ ይፈሳል፣ ወይም የፍሪሲዮኑ ሞላ ከልኩ በላይ ተገፍቶ ይበላሻል። ትርፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ከፔዳሉ ሥር ማቆሚያ ብሎን ማድረግ ይበቃል።

የፍሬን ፖምፓ ለፍሪሲዮን የሚገጠምበት ጊዜም አለ። ለከበሮ ፍሬን የተሠሩ አሮጌ ፖምፓዎች መውጫቸው ላይ ግፊት የምታስቀር ትንሽ ቫልቭ ይኖራቸዋል። እሷ ካልወጣች ኩሽኔታው ሁልጊዜ ተደግፎ ይሽከረከራል፣ ቶሎም ያልቃል። የፔዳሉ ዘንግ ፒስተኑን ከመንካቱ በፊት 1 ሚ.ሜ ያህል ክፍተት ካላገኘም ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያ ዕቃው አይመለስም፤ ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተረገጠ ይቆያል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና ሲወጣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይጎትተው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ታችኛው ፖምፓ ከሌላ መኪና መጥቶ ተገልብጦ ከታሰረ የአየር ማስወጫዋ ከታች ትሆናለች። አየር ወደ ላይ ስለሚሸሽ ቀኑን ሙሉ ቢረገጥ አይወጣም። ፖምፓውን ፈቶ፣ ማስወጫዋን ወደ ላይ አዙሮ፣ ፒስተኑ እንዳያመልጥ በእጅ ይዞ አየሩን ማስወጣት ነው። በጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፈውን ቱቦም ያርቁት፤ ውኃ የጠጣ አሮጌ ዘይት በሙቀት ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ላይ ይቀራል።

ስለ ዘይቱ አጥብቀን እንለምናለን፦ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት አይጨመር። ጎሚኒው (ዘይት እንዳያፈስ ፒስተኑ ላይ ያለው ጎማ) ያብጣል፤ ሲፈታ ከንፈሩ ተገልብጦ፣ እንደ ሊጥ ለስልሶ፣ ወደ ቀዳዳው አልመለስ ይላል። በጠርሙስ የተገዛ ነገር ካጠራጠረ ጥቂት ጠብታ ውኃ ላይ ማድረግ ነው። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የፍሬን ዘይቶች ከውኃው ጋር ይዋሃዳሉ፣ የሞተር ዘይት ይንሳፈፋል። የተበከለ ከሆነ ጎሚኒዎቹ ሁሉ፣ የጎማ ቱቦውም ጭምር፣ ይቀየሩ።

መለዋወጫ የምትሸጡ ወገኖቻችንም «የቶዮታ ነው» ብቻ ብላችሁ አትስጡን፤ ፖምፓው ላይ ያለውን ቁጥር አንብባችሁ ንገሩን።

አሮጌ መኪና ጠጋኞች፣
ከደብረ ብርሃን