ካልሲየም ናይትሬት በፌስታል አይሸጥ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ከአዳማ ወጣ ብሎ በወንጂ በኩል ቲማቲም አለማለሁ። የምጽፍላችሁ እኛ አትክልት አምራቾች አዘውትረን ስለምንገዛው ካልሲየም ናይትሬት ስለተባለ ማዳበሪያ ነው።

ሰሞኑን አዳማ ከአንድ ሱቅ ልገዛ ገባሁ። ሻጩ ከተከፈተ ከረጢት በጣሳ ዘግኖ ፌስታል ውስጥ ቋጠረልኝ። ስም የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው። ከረጢቱ ውስጥ የቀረውም እንደ ረጠበ ስኳር ተጣብቋል።

ይህ ማዳበሪያ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ፋብሪካዎች ውስጡ ላስቲክ ባለው ከረጢት አሽገው የሚልኩት ለዚህ ነው። አንዴ ከተከፈተና ከረጠበ ሚዛኑን የሚያከብደው ውሃ ነው። ገበሬው ታዲያ ውሃን በማዳበሪያ ዋጋ እየገዛ ነው።

አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። የኖራ ድንጋይ በናይትሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ የተረፈው አሲድ በአሞኒያ ይስተካከላል። ኖርዌይ ውስጥ በፋብሪካ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ነጭ ፍሬ ፍሬ ማዳበሪያ 15.5 በመቶ ናይትሮጅን፣ 19 በመቶ ገደማ ካልሲየም አለው። ውሃ ውስጥ ቶሎ ይሟሟል። ሲሟሟ ባልዲውን ብትነኩት ይቀዘቅዛል።

ትልቁ ጣጣ ያለው ከሌላ ማዳበሪያ ጋር ሲቀላቀል ነው። አንድ ብርጭቆ የካልሲየም ናይትሬት ውሃ ላይ የሌላ ማዳበሪያ፣ የማግኒዥየም ሰልፌት ውሃ ጨምሩበት። ሁለቱም ወፈር ብለው ከተበጠበጡ ወዲያው ይደፈርሳል፤ ከታች ነጭ ዝቃጭ ይቀመጣል። ዝቃጩ ጂፕሰም ነው። ዳፕ ከሚባለው ማዳበሪያ ጋር ቢቀላቀልም የካልሲየም ፎስፌት ዝቃጭ ይሠራል። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ደግሞ ፎስፌቱንም ሰልፌቱንም ይዟል። እንዲህ ያለው ዝቃጭ የጠብታ መስኖ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ገንዘቡም በርሜል ውስጥ ይቀራል። በርሜሉ ለየብቻ መሆን አለበት። ፌስታል ላይ ምንም ካልተጻፈ ግን ይህን ለገበሬው ማን ይነግረዋል?

ቲማቲሙ ከታች በኩል ሲጠቁር ሁሉም ወደ ካልሲየም ናይትሬት ይሮጣል። ችግሩ በእርግጥ ፍሬው ካልሲየም ሲያንሰው የሚመጣ ነው። ነገር ግን ካልሲየም ከሥር የሚወጣው ከውሃ ጋር ነው። ማሳውን አድርቆ አድርቆ አንድ ቀን የሚያጥለቀልቅ ሰው አፈሩ ካልሲየም ቢኖረውም ፍሬው ይጠቁርበታል። መጀመሪያ ውሃው ይስተካከል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ከብቱ ነው። ስም የሌለው ነጭ ነገር ፌስታል ውስጥ ሲቀመጥ ከጨው ማን ይለየዋል? ላም ናይትሬት በብዛት ከላሰች ጨጓራዋ ውስጥ ወደ ናይትራይት ይለወጣል። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ሳይታሰብ ልትሞት ትችላለች። እቃው ራሱ ባይነድም እሳት ያባብሳልና ከነዳጅና ከገለባ ጋር ማስቀመጥም አይገባም።

ሻጮች ሆይ፣ ከረጢቱን ሳትከፍቱ ሽጡልን። ጥቂት የሚፈልግ ገበሬ ካለ፣ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ደረቅ ጀሪካን አድርጉለት፤ ላዩ ላይ «ካልሲየም ናይትሬት፤ ለከብት መርዝ ነው፤ ከዳፕና ከሰልፌት ጋር አይቀላቀልም» ብላችሁ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጻፉበት። የሚመለከተው የግብርና ጽሕፈት ቤትም ሱቆቹን እየዞረ ይይልን።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የኬሚስትሪ መምህር፣ ከአዳማ