ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ስላይድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሐዋሳ ከተማ ለረጅም ዓመታት አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ በሐይቁ ዳርና በከተማው መሀል ባሉ አዳራሾች በሚካሄዱ ዓውደ ጥናቶችና ሥልጠናዎች ላይ አልፎ አልፎ በቃለ ጉባኤ ያዥነት እገኛለሁ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ከሌላው ተሰብሳቢ የሚለይበት አንድ ጣጣ አለበት፤ ሌላው ሰው ያልገባውን ነገር በዝምታ ሊያልፈው ሲችል፣ እርሱ ግን የተባለውን ጽፎ ማስረከብ ይኖርበታል። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ባለፈው ወር በተካሄደ አንድ የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ፣ የታዩትን ስላይዶች በሙሉ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ሳለሁ፣ ማን ምን እንዲያደርግ እንደተወሰነ መጻፍ ያቃተኝ መሆኑ ነው።

ያስቸገረኝ ስላይድ «ቀጣይ አቅጣጫዎች» የሚል ርእስ ነበረው። በሥሩ «ግንዛቤ መፍጠር»፣ «ቅንጅታዊ አሠራርን ማጠናከር»፣ «ክትትልና ድጋፍ ማድረግ»፣ «የባለድርሻ አካላትን ተሳትፎ ማሳደግ» እያለ የሚሄድ 11 ነጥብ ተደርድሯል። በስብሰባ አዳራሽ ውሎ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ዝርዝር በቃሉ ሊወጣው ይችላል። ተማሪዎቼ ድርሰት ሲጽፉ በቀይ እስክሪብቶ አብዝቼ የጻፍኩባቸው አስተያየት «ማሰሪያ አንቀጹ (ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ) የት አለ?» የሚል ነበርና፣ በዚያ አዳራሽም ይኸው ጥያቄ ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ነገሩ የሰዋስው ሰው ትችት ብቻ እንዳይመስል ላብራራ። በአማርኛ ግስ አንዲት ቃል ሆና ሳለ አድራጊውንም ጊዜውንም ትሸከማለች። «እናጸዳለን» ያለ ሰው ማን እንደሚያጸዳ፣ ሥራውም ገና እንደሚቀር ተናግሯል፤ «አጽድተዋል» ካለም እነማን እንዳጸዱ፣ ሥራውም እንዳለቀ እናውቃለን። «ማጽዳት» ያለ ሰው ግን ስለ አድራጊውም ስለ ጊዜውም የነገረን አንዳች ነገር የለም። ስላይድ ላይ ጽሑፍ ማሳጠር ይገባል በሚል ማሰሪያ አንቀጹን የሚቆርጥ አቅራቢ አንዲት ቃል እንኳን አላተረፈም፤ «ማጠናከር» እና «እናጠናክራለን» እኩል አንድ አንድ ቃል ናቸውና። የጣለው ግን ተሰብሳቢው ሊሰማ የመጣበትን ጉዳይ ነው። አንዳንዴ ይህ አጻጻፍ የሚወደደው በዚሁ ምክንያት ይሆን እያልሁ እጠራጠራለሁ፤ አድራጊ የሌለው ሥራ ሳይሠራ ቢቀር ተጠያቂ አይኖረውም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ለአቅራቢዎች የማቀርበው ሐሳብ የስላይዱ ርእስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሁን የሚል ነው። ስለ ሐዋሳ ሐይቅ የሚናገር ባለሙያ «የዓሣ ምርት ሁኔታ» ብሎ ርእስ ቢሰጥ፣ ተሰብሳቢው ስለ ዓሣ እንደሚወራ ከማወቅ በቀር ያገኘው ነገር አይኖርም። የጥናቱ ውጤት ይህ ሆኖ ሳለ «ቆሮሶ በቂ ዕድሜ ሳይደርስ እየተጠመደ ነው» ብሎ ቢጽፍ ግን፣ አድማጩ ነገሩን ከመነሻው ይይዛል፤ ከሥር የሚቀመጠውም ነገር ምን እንደሆነ ራሱ ርእሱ ያዝዛል፤ ይኸውም የተያዙትን ዓሦች ርዝመት ከዓመት ዓመት የሚያሳይ አንድ ግራፍ ነው። ግራፉ ይህን ዓረፍተ ነገር የማያስረዳ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ መለወጥ አለበት። ርእሱን በዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የሚቸገር አቅራቢ ካለም፣ ችግሩ ከስላይዱ ሳይሆን ምን ሊናገር እንደመጣ ገና ካለመወሰኑ ሊሆን ይችላል።

የርእስና የነጥብ አደራደር ተራ የማስዋብ ጉዳይ አለመሆኑን የሚያሳይ በሰፊው የታወቀ አሳዛኝ ታሪክ አለ። ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ስትወነጨፍ፣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ ግራ ክንፏን መታው። መንኮራኩሯ ገና በጠፈር ሳለች መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው ለኃላፊዎች ያቀረቡት በስላይድ ነበር። የአንደኛው ስላይድ ርእስ የሚያረጋጋ መልእክት ነበረው። ክንፉን የመታው ቁራጭ ቀደም ሲል በሙከራ ከተፈተኑት ከ600 እጥፍ በላይ የሚበልጥ መሆኑ፣ ማለትም ሙከራው ለዚህ አደጋ ማስረጃ ሊሆን የማይችል መሆኑ፣ የተጻፈው ግን ከነጥብ ሥር ነጥብ፣ ከዚያም ሥር ሌላ ነጥብ ወርዶ ከታች በደቃቅ ፊደል ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት (ፌብሩዋሪ) 1 ቀን መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታትና 7ቱም ጠፈርተኞች አለቁ። የአደጋው መንስኤ ስላይድ ነው የሚል የለም፤ ሆኖም አደጋውን ያጣራው ቦርድ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት፣ በቴክኒክ ጽሑፍ መቅረብ የሚገባው ነገር በስላይድ መቅረቡን ከአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት (ናሳ) የተግባቦት ድክመቶች እንደ አንዱ ጠቅሶታል።

ወደ አዳራሻችን ልመለስ። ብዙ አቅራቢዎች ስላይዱን በጽሑፍ ከሞሉት በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያነቡልናል። ማንበብ የሚችል ሰው በዐይኑ የሚያነበው ከተናጋሪው አፍ ፈጥኖ ነው፤ አቅራቢው ሦስተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ እኛ ጨርሰን የሐይቁን ወፎች እያየን ነው፣ ወይም ምሳውን በሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ እንበላለን እያልን እንመካከራለን። አቅራቢው ከስላይዱ የተለየ ነገር የሚናገር ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ሰው ቃል እያነበበ ሌላ ቃል ማዳመጥ ስለማይሆንለት ከሁለቱ አንዱን ይጥላል። ሥዕል ወይም ግራፍ እያዩ ንግግር መስማት ግን እንደዚህ አያስቸግርም።

በእርግጥ ጥፋቱ የአቅራቢው ብቻ አይደለም። አዘጋጆች ከሳምንት በፊት «ስላይድህን ላክልን» ይላሉ፤ ተሳታፊዎች በሻይ እረፍት ፍላሽ ይዘው «ሶፍት ኮፒው ይሰጠን» ይላሉ። አቅራቢውም ስላይዱ በኋላ ያለ እርሱ እንደሚነበብ ስለሚያውቅ የሚያውቀውን ሁሉ ይጽፍበታል። መፍትሔው ሁለቱን መለየት ይመስለኛል፤ ይኸውም በሙሉ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ጽሑፍ ለተሳታፊው ማደል፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ በዐይን ካልታየ የማይገባውን ብቻ ማሳየት ነው። የሚታይ ነገር በሌለበት ሰዓት አቅራቢው በፓወር ፖይንት ላይ «ቢ» የምትለዋን የላቲን ፊደል ቢጫን ግድግዳው ይጨልማል፤ የሁላችንም ዐይን ወደ ሰውየው ይመለሳል።

ስለ ፊደላችንም ጥቂት ልበል፤ ከውጭ የሚመጡ የስላይድ ምክሮች ይህን አያነሡትምና። የግእዝ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ቅጥያ ነው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት ቅጥያዋ ከወገብ ወይም ከእግር በመዋሏ ብቻ ሲሆን፣ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠ ሰው «ይከፈላል» እና «ይከፍላል» አንድ ሆነው ቢታዩት ተቀባዩና ከፋዩ ተለዋወጡ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ለላቲን ፊደል የሚበቃው መጠን ለእኛ አይበቃም፤ በልምዴ ከ28 ያነሰ መጠን በመካከለኛ አዳራሽ ሲነበብ አላየሁም። አዳራሾቻችን ለሐይቁ ተብለው ሰፊ መስኮት ስላላቸው፣ ከረፋዱ ጀምሮ በነጭ መደብ ላይ የተጻፈ ቢጫም ሆነ ፈዛዛ ሰማያዊ ይጠፋል። አጽንዖት ለመስጠት በእንግሊዝኛ እንደሚደረገው ትልቅ ፊደል መጠቀም አንችልም፣ የለንምና፤ ይሁን እንጂ ጸሐፍቶቻችን በብራና ላይ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም፣ ቀሪውን በጥቁር ሲጽፉ ኖረዋል። ቀዩ ዋጋ የነበረው ጥቂት በመሆኑ ነው። ዛሬ በአንድ ስላይድ አራትና አምስት ቀለም የሚቀላቅል ሰው ከእነርሱ ቢማር መልካም ነበር፤ ቀይና አረንጓዴ ለይቶ የማያይ ሰው በአዳራሹ ሊኖር እንደሚችልም ማሰብ ይገባል።

የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት በሚያውቁበት ሥርዓት) የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈ ሰነድ ዛሬም ከፍላሽ ወደ ሌላ ላፕቶፕ ሲሻገር ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሲለወጥ እናያለን። አቅራቢው በፒዲኤፍ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ቢይዝ ይህ ሁሉ ይቀራል።

የስብሰባ አዘጋጆች በጥሪ ደብዳቤያቸው ላይ ስለ አበልና ስለ ማረፊያ ከሚጽፉት ሥር፣ አቅራቢው ስላይዱን ከመጨረሻው ወንበር ሆኖ አስቀድሞ እንዲያይና የውሳኔ ሐሳብ የሚያሳየው ስላይድ አድራጊውን በስም እንዲጠራ አንድ መስመር ቢጨምሩ ብዬ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ያን የሥልጠና ቃለ ጉባኤ በመጨረሻ «በስላይድ ቁጥር 14 የተዘረዘሩት ተግባራት እንዲከናወኑ ስምምነት ላይ ተደርሷል» ብዬ ዘጋሁት። ከሦስት ቀን በኋላ አስተባባሪው ደውሎ «መምህር፣ በማን ነው የሚከናወኑት?» ሲል ጠየቀኝ። ፎቶውን ከስልኬ አውጥቼ ላክሁለት።

ከሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የአማርኛ መምህር፣ ከሐዋሳ