ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ አባላት፦ ስለ ድንበር አቤቱታና ስለ ጎጥ ተወካዮች ምርጫ

ይድረስ ለኮሚቴያችን አባላት፤

የድንበር አቤቱታዎችን ክረምት ሳይገባ እንጨርስ፤ ሞፈር ከዞረ በኋላ ምልክት ይጠፋል። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ወደ ጎረቤት ከሚገፋ እርሻ ነው። ስለዚህ ቦታው ስትደርሱ መጀመሪያ የወሰኑን ድንጋይ ነቅነቅ አድርጉት። የቆየ ድንጋይ ሣርና ሥር ይዞት አይነቃነቅም፤ በቅርብ የተተከለ ግን ዙሪያው ልል አፈር ነው።

አቤቱታውን በጽሑፍ፣ ከነቀኑ መዝግቡ። የይዞታ ደብተሩን አስቀርቡ፤ በአራቱም አቅጣጫ ያሉትን አዋሳኞች በአንድ ቀን ጥሩ። ደብተሩ የባልና የሚስት ከሆነ ሚስትም ትፈርም፤ ባል ብቻውን የፈረመው ስምምነት ቆይቶ ሌላ ክስ ያመጣል። በገመድ አትለኩ፣ ይሳባል፤ ሜትር ያዙ።

ለሽምግልና ከየወገኑ ሁለት ሁለት ሰው፣ አምስተኛውን በጋራ ይምረጡ። የባለጉዳይ ዘመድ የሆነ አባል እባካችሁ ራሱን ያግልል፤ ይህን ዝም ብለን ካለፍን የሚያምነን አይኖርም። ስምምነቱ በሦስት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ እኛ ዘንድ ይቀመጥ። ካልተስማሙ አናጓትታቸው፤ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሂዱ።

የጎጥ ተወካይ ምርጫን በገበያ ቀን አትጥሩ፣ ሴቶቹ አይገኙም። እጅ ሲወጣ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይቁጠሩ፤ ቁጥሩም እዚያው ለሕዝቡ ይነበብ።